ከ4 ወደ 200፦ የአንዲት ቀጭን ቱቦ ታሪክ



የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ርዕሱ ደግሞ ሰው ጮክ ብሎ የማያወራው ነገር ነው፤ ሽንት። እኛ ጋ ሰው ጨጓራውን ሲያመው ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራል። ሽንቱ ሲዘጋበት ግን ለገዛ ልጁ መንገር ያፍራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት እያወቅን ማለት ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ታሪክ ስናስተምር ንጉሥ፣ ጦርነት፣ ውል እያልን የምንዘላቸው ነገሮች አሉ። አንዱ ቢል ነው። አዎ፣ የሕክምና ቢል! መንግሥት ሰውን ምን ያህል እንደሚያምን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሕገ መንግሥቱን ብቻ አታንብቡ። ለታማሚ ዕቃ ሲከፍል ምን ዓይነት ወረቀት እንደሚጠይቅም እዩ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነኝ የአሜሪካ ሜዲኬርና ካቴተር የምትባለው ቀጭን ቱቦ ናቸው። የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችሁ እዚያ አገር የሜዲኬር ካርድ የያዙ እናት፣ አባት ወይም አክስት አላችሁ። አንዳንዶቻችሁም አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ናችሁ። ታሪኩ ይመለከታችኋል።

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ቱቦዋ ምንድን ናት?

የሽንት ፊኛ ሲሞላ ነርቭ መልእክት ይልካል፣ ፊኛው ይጨመቃል፣ በሩ ይከፈታል። ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው፣ አንዳንድ የነርቭ ሕመም ያለበት ሰው፣ ከነአከርካሪ ክፍተት የተወለደ ልጅ ግን መልእክቱ ይቋረጥበታል። ፊኛው ይሞላል እንጂ አይፈስም። ሽንቱ እየተጠራቀመ ሲሄድ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊትን ያበላሻል።

መፍትሔው ቱቦ አስገብቶ ማፍሰስ ነው። ይኼም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፊኛ ውስጥ ገብቶ እዚያው የሚቆየውና ከከረጢት ጋር የሚያያዘው ነው፤ ሆስፒታል አስታማሚ ሆናችሁ የምታውቁት እሱን ነው። ሁለተኛው በቀን አራት፣ አምስት፣ ስድስት ጊዜ ገብቶ ሽንቱን አፍስሶ ወዲያው የሚወጣው ነው። የዛሬው ወሬያችን ስለ ሁለተኛው ነው።

ቱቦዋ አዲስ ነገር አይደለችም። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ አመድ በቀበራት በፖምፔ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ከነሐስ የተሠሩ የሽንት ቱቦዎች ተገኝተዋል። ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ታስታውሳላችሁ፤ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ፣ በመብረቅ ምርምሩም የሚታወቀው ሰውዬ። እሱ በ1752 ጠጠር ለሚያሠቃየው ወንድሙ ለጆን ከብር የተሠራ፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ቱቦ አሠርቶ ልኮለታል። ሰው ለወንድሙ ሲል የማይሆነው የለም፤ መንግሥት የቆረቆረውም ሰው ቱቦ ቀያሽ ሆነ!

2. ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ኅብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ወታደር እንደ ሞተ ይቆጠር ነበር። አብዛኞቹ የሚሞቱት ደግሞ በጥይቱ አልነበረም። የሚገድላቸው በመተኛት ብዛት የሚመጣው የገላ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነበር።

ሉድቪግ ጉትማን የሚባል አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም በ1939 ከናዚ ጀርመን አምልጦ እንግሊዝ ገባ። የካቲት ወር 1944 ላይ ስቶክ ማንዴቪል በተባለ ሆስፒታል የኅብለ ሰረሰር ጉዳተኞችን ክፍል ከፈተ። ሰውዬው ተስፋ የተቆረጠባቸውን ወታደሮች በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ፤ ሥራና ስፖርት ሰጣቸው። በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በዚያ ሆስፒታል ግቢ 16 ጉዳተኞች ቀስት ተወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ የመጣ ነው።

ለሽንቱ ደግሞ ጉትማን ቱቦው ፊኛ ውስጥ ከሚከርም በየጊዜው ገብቶ ይውጣ አለ። ግን በጥንቃቄ! ከጀርም በጸዳ መሣሪያ፣ ቱቦው በባዶ እጅ ሳይነካ፣ በሠለጠነ ባለሙያ። ውጤቱን በ1966 ከባልደረባው ሃንስ ፍራንክል ጋር አሳተመው። ኢንፌክሽኑ ቀነሰ፤ ሰው ዳነ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ታማሚው ቤቱ ሲገባስ? በቀን አምስት ጊዜ የሚመጣለት ሐኪም ከየት ይገኛል?

3. 1972፦ ሁለት በሮች በአንድ ዓመት

መልሱ ከአሜሪካ፣ ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ መጣ። ጃክ ላፒደስ የሚባል የሽንት ቧንቧ ሐኪም በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ በዚያን ጊዜ ድፍረት ነበር፦ ታማሚው ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ቤቱ ሆኖ ያድርገው። ከጀርም ፈጽሞ የጸዳ መሆን የለበትም፤ ንጹሕ ይሁን እንጂ ይበቃል። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ቱቦውን ማጠብ፣ በቃ።

ብዙ ሐኪሞች ተጠራጠሩ። የላፒደስ ክርክር ግን ቀላል ነበር። ፊኛው ከመጠን በላይ ሲወጠር ግድግዳው ላይ የደም ዝውውር ይቀንሳል፤ ደም ያላገኘ ሥጋ ጀርምን አይከላከልም። ስለዚህ ዋናው ጠላት ቱቦው ላይ ያለች ትንሽ ጀርም ሳትሆን የሞላ ፊኛ ነው። ቶሎ ቶሎ ይፍሰስ! ጊዜም ፈረደለት። ዛሬ ዘዴው በመላው ዓለም የታወቀ ሕክምና ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የላፒደስ ግኝት አዲስ ማሽን አልነበረም፤ አዲስ መድኃኒትም አልነበረም። ሥራውን ከባለሙያ እጅ ወስዶ ለታማሚው እጅ መስጠት ነበር። ታማሚውን ማመን።

በዚያው ዓመት ሌላ በር ተከፈተ። ሜዲኬርን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሐምሌ 30 ቀን 1965 ሲፈርሙት ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች ነበር። የመጀመሪያውን ካርድ የወሰዱት ለጤና መድን ሲታገሉ የኖሩት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ናቸው። ጥቅምት 30 ቀን 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት ማሻሻያ ደግሞ ዕድሜያቸው ገና ቢሆንም በአካል ጉዳት ምክንያት የመንግሥት ድጎማ ለ24 ወራት የተቀበሉ ሰዎችን አስገባ። በመኪና አደጋ ወገቡ የተመታ የ25 ዓመት ወጣት ሜዲኬር የሚያገኘው በዚህ ነው።

በአንድ ዓመት ውስጥ እንግዲህ አንዱ በር «በእጅህ አድርገው» አለ። ሌላው በር «መንግሥት ይከፍልልሃል» አለ። በሁለቱ በሮች መካከል ግን ኮሪደር አለ። ኮሪደሩ የወረቀት ነው።

4. ሕጉ ቱቦዋን ምን ብሎ ጠራት?

ተማሪ እያላችሁ «ስም መስጠት ሥልጣን ነው» ስላችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ይኸው ምሳሌው።

የሜዲኬር ሕግ በየቀኑ ተጠቅመው የሚጥሉትን ዕቃ፣ ለምሳሌ ፋሻና ዳይፐር፣ በአብዛኛው አይከፍልም። ታዲያ በየቀኑ የምትጣለውን ቱቦ እንዴት ይክፈል? ሕጉ ውስጥ የውስጥ አካልን በሙሉ ወይም በከፊል የሚተካ ሰው ሠራሽ ዕቃ ይከፈላል የሚል አንቀጽ አለ። ቱቦዋ በዚያ አንቀጽ ገባች። ማለትም በሕጉ ዓይን ካቴተር እንደ ሰው ሠራሽ እግር ናት፤ የማይሠራውን ፊኛ ተክታ የምትሠራ።

ቆንጆ አተረጓጎም ነው። ግን ዕዳ ይዞ መጣ። ሰው ሠራሽ እግር የሚሰጠው እግሩ ለተቆረጠ እንጂ ወለም ላለው አይደለም። ስለዚህ የፊኛውም ችግር «ቋሚ» መሆን አለበት ተባለ። ቋሚ ማለት ምንድን ነው? በደንቡ መሠረት ሐኪሙ ችግሩ በሦስት ወር ውስጥ በመድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና አይስተካከልም ብሎ ከገመተና መዝገቡ ላይ ካሰፈረው ቋሚ ነው። እስከ ዕድሜ ልክ ይቆያል ተብሎ መረጋገጥ የለበትም።

አያችሁ፣ ዛሬ አንድ ሐኪም በሥራ ብዛት «ታማሚው ሽንቱን መሽናት አይችልም» ብሎ ጽፎ «ይህም ለረዥም ጊዜ የሚቆይ ነው» የምትለውን ከዘለላት ክፍያው ሊወድቅ ይችላል። ቸልተኛ የመሰለችው የአንድ መስመር ጥያቄ ሥሯ በ1965ቱ ሕግ ውስጥ ነው።

5. የቁጥር ዘመን

መንግሥት ሚሊዮኖችን ሲያስተናግድ ቃል አይበቃውም፤ ቁጥር ይፈልጋል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሕክምና አገልግሎትና ዕቃ የኮድ ሥርዓት ተዘረጋ። ቱቦዋም ሦስት ስም አገኘች።

ኤ4351፦ ጫፏ ቀጥ ያለች ተራዋ ቱቦ።
ኤ4352፦ ጫፏ እንደ ክርን ቆልመም ያለች። ፕሮስቴታቸው አብጦ መንገዱ ለጠበበባቸው ወንዶች ትመረጣለች።
ኤ4353፦ ቱቦዋ ከጓንቷ፣ ከማለስለሻዋና ከማፍሰሻ ከረጢቷ ጋር ከጀርም ጸድታ በአንድ ጥቅል የታሸገች።

ሦስቱም ዋጋቸው ይለያያል፤ ቀጥ ያለችው ርካሿ ናት። ይኼን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክፍያውን የሚመረምሩት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በየግዛቱ ተበታትነው ነበር። አንዱ ጋ የሚፈቀደው ሌላው ጋ ይከለከላል። ብልጣ ብልጥ አቅራቢ የላላውን መርጦ ቢሉን እዚያ ይልካል። በ1993 ለዚህ ዓይነት ዕቃ የሚሆኑ አራት የክልል ቢሮዎች ተቋቁመው ሥራው እዚያ ተጠቃለለ። ደንቡም አንድ ዓይነት እየሆነ መጣ።

6. በወር 4

አሁን ወደ ርዕሴ ቁጥር ደረስን።

ደንቡ ለረዥም ዓመታት ለአንድ ታማሚ የሚፈቅደው በሳምንት አንድ ቱቦ፣ በወር 4 ነበር። ምክንያቱ? ላፒደስ ነዋ! «ንጹሕ ይበቃል፣ ታጥቦ ይሠራል» ካለ መንግሥት ለምን በየጊዜው አዲስ ይግዛ?

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በቀን 4 ጊዜ የሚጠቀም ሰው በወር 120 ጊዜ ይጠቀማል። 120 ለ4 ሲካፈል 30። አንዲት ቱቦ 30 ጊዜ እየታጠበች ወደ ሰው ፊኛ ትገባለች ማለት ነው። ቱቦዋ ማሸጊያ ላይ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ የምታገለግል ናት ተብሎ ተጽፏል።

እቤቱ ያለ ሰው ሳሙናም ውኃም አለው እንበል። ሥራ ቦታስ? በጉዞ ላይ ያለችው ሴትዮ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ሰው በር እያንኳኳ፣ ቱቦዋን የት ታጥባለች? በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ተማሪ እርጥብ ቱቦ በከረጢት ጠቅልሎ ክፍል ይግባ? የላፒደስ ሐሳብ ታማሚውን ነጻ ሊያወጣ የመጣ ነበር። ቢል ቤት ሲደርስ የቁጠባ ሰበብ ሆነ።

ደግሞ ሌላ ነገር። ከጀርም የጸዳችውን ጥቅል፣ ኤ4353ን፣ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ከተወሰኑ ሁኔታዎች አንዱን ማሟላት ነበረበት፤ አሁንም አለበት። የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ፣ በእንክብካቤ ተቋም የሚኖር፣ ሽንት ወደ ኩላሊቱ እንደሚመለስ በምርመራ የታየ፣ ኅብለ ሰረሰሯ የተጎዳ ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ። ከእነዚህ ውስጥ የሌለ ሰው ደግሞ በ12 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን እንደያዘው፣ በላቦራቶሪ ውጤትና በሕመም ምልክት ተደግፎ መመዝገብ አለበት።

ልብ በሉ! እንዳይታመም የሚረዳውን ዕቃ ለማግኘት መጀመሪያ ሁለት ጊዜ መታመሙን ማስመስከር አለበት። ሰውዬው ትኩሳቱን በቤቱ ችሎ ካለፈው፣ ሐኪም ዘንድ ካልሄደ፣ ምርመራው ካልተላከ፣ አልታመመም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንል የለ? እዚህ ጋ በቃል ያለ ሕመም፣ ሕመምም አይደለም።

7. በወር 200

አካል ጉዳተኞች፣ ሐኪሞችና አምራቾች ለዓመታት ከጠየቁ በኋላ ከኤፕሪል 1 ቀን 2008 ጀምሮ ደንቡ ተለወጠ። በወር እስከ 200። ለእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ቱቦ። 200ን ለ30 ቀን ብታካፍሉት በቀን ከስድስት በላይ ይመጣል፤ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

እውነቱን ለመናገር አምራቹ ብዙ ሲሸጥ ያተርፋል፤ ጥያቄው ሁሉ የጽድቅ አልነበረም። ታጥቦ መጠቀም በእርግጥ ኢንፌክሽን ይጨምራል አይጨምርም በሚለውም ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለእኔ ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። ከላፒደስ ጽሑፍ እስከዚህ ደንብ 36 ዓመት ፈጀ። ሐኪሙ ታማሚውን በእጁ አመነው። ከፋዩ «ስንት ጊዜ እንደምትጠቀም አንተ ታውቃለህ፣ ለእያንዳንዱም አዲስ ይገባሃል» ለማለት 36 ዓመት ቆየ።

ግን 200 ማለት ለሁሉም 200 ማለት አይደለም። ጣሪያ ነው። ዛሬ ወረቀቱ እንዴት እንደሚሄድ ላሳያችሁ።

አንድ አባት በቀን 5 ጊዜ ይጠቀማሉ እንበል፤ በወር 150 ነው። መጀመሪያ የሐኪሙ ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ የታማሚው ስም፣ ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ ያለበት። ትእዛዙ ብቻውን ግን አይበቃም። የሐኪሙ የራሱ የምርመራ መዝገብ ችግሩ ቋሚ መሆኑንና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሙ መናገር አለበት። ትእዛዙ 150 ብሎ መዝገቡ «እንደ አስፈላጊነቱ» ቢል ኦዲተር ሲመጣ ጣጣ ነው። አቅራቢው ራሱ ያዘጋጀው ቅጽ፣ ሐኪም ቢፈርምበት እንኳ፣ የሐኪም መዝገብን አይተካም።

ቆልመም ያለችዋ ቱቦ ከታዘዘች ደግሞ ቀጥ ያለችው ለምን እንዳልሆነች መጻፍ አለበት። ከዚያ አቅራቢው ቢሉ ላይ «መስፈርቱ ተሟልቷል፣ ማስረጃው በእጄ ነው» የምትል ምልክት ይጨምራል። ዕቃው ሊያልቅ ሲል ደውሎ «ይላክልዎት ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሳይጠየቁ በራሱ መላክ አይፈቀድም። በአንድ ጊዜ ከሦስት ወር በላይ አይላክም። የደረሰበት ማስረጃ ይቀመጣል። ሰነዱ ሁሉ ለ7 ዓመት ይጠበቃል። ይኼ ሁሉ አልፎ ሜዲኬር ከተፈቀደው ዋጋ 80 ከመቶውን ይከፍላል፤ የቀረው 20 ከመቶ በታማሚው ወይም በተጨማሪ መድኑ ነው።

ብዙ ነው አይደል? «ሰው ለመሽናት ይኼን ሁሉ?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ቀጥሎ ያለውን ስታነቡ ግን ትንሽ ትለዝባላችሁ።

8. 2023፦ ሽንት የማይቸግራቸው 400 ሺህ ሰዎች

በ2023 አሜሪካ ውስጥ እንግዳ ነገር ሆነ። ካቴተር ዓይተው የማያውቁ አረጋውያን ከሜዲኬር በፖስታ የሚመጣላቸውን የሒሳብ ማስታወቂያ ሲከፍቱ በስማቸው የካቴተር ቢል አገኙ። በሺህ የሚቆጠር ዶላር። ሐኪማቸውም አላዘዘ፣ ዕቃውም አልመጣ።

አንዳንዱ ዝም አለ፤ «ከኪሴ አልወጣ» ብሎ። አንዳንዱ ግን ስልክ አነሣ። በሌላ በኩል የታማሚዎቻቸውን ወጪ ተቆጣጥረው ከቁጠባው ድርሻ የሚያገኙ የሐኪሞችና የሆስፒታሎች ስብስቦች አሉ። የእነሱ ብሔራዊ ማኅበር መረጃውን ሲመረምር ጉዱ ወጣ። ቀድሞ በነበሩት ዓመታት በዓመት 50 ሺህ ገደማ በሆነ ሰው ስም ነበር ቢል የሚመጣው። በ2023 ከ450 ሺህ በላይ ሆነ። የገንዘቡ መጠን በቢሊዮን ዶላር ይቆጠራል፤ ከዚያ ውስጥ እጅግ ብዙውን ያስገቡት ሰባት አቅራቢዎች ብቻ ነበሩ። ዜናው በ2024 መጀመሪያ አደባባይ ወጣ።

የትኞቹ ኮዶች ናቸው ብትሉኝ፦ ኤ4352 እና ኤ4353። ቀጥ ያለችው ርካሿ አይደለችም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሌባ ቤት ሲገባ ከሰል አይሸከምም። በዚያው 2024 የሜዲኬር አስተዳደር የእነዚህን ሁለት ኮዶች የ2023 ክፍያ «አጠራጣሪ» ብሎ፣ ሐኪሞቹ ባላጠፉት ወጪ እንዳይቀጡ ከስብስቦቹ ሒሳብ የሚያወጣ ደንብ አወጣ።

ጁን 30 ቀን 2025 ደግሞ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር አንድ ትልቅ ክስ ይፋ አደረገ። ክሱ እንደሚለው ዓለም አቀፍ የወንጀል መረብ በሌሎች ሰዎች ስም አሜሪካ ውስጥ ያሉ በደርዘን የሚቆጠሩ የሕክምና ዕቃ አቅራቢ ኩባንያዎችን ገዛ። ከ1 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያንን የተሰረቀ የግል መረጃ ተጠቅሞ በካቴተርና በሌሎች ዕቃዎች ስም የ10.6 ቢሊዮን ዶላር ቢል ላከ። ኢስቶኒያ ድረስ ሰዎች ተያዙ። ሜዲኬር ሊከፍል ከነበረው ውስጥ አብዛኛው ከመውጣቱ በፊት መታገዱን ሚኒስቴሩ ገልጿል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። በቀን 5 ጊዜ የሚጠቀሙት አባት ሐኪማቸው «ቋሚ» የምትል ቃል ስለረሳ ዕቃቸው ሊቆም ይችላል። በተመሳሳይ ጊዜ በሐሰት የሚላክ ቢል ኮዱ ልክ፣ ቁጥሩ ልክ፣ ምልክቱ ልክ ሆኖ ያልፋል። ሌባው ምን ቸገረው? ከእውነተኛው ታማሚ ይልቅ ወረቀት የሚያሳምረው እሱ ነው! ማስረጃው ይታያል የሚባለው ኦዲተር ሲጠይቅ ነው፤ ኦዲተር ሲመጣ ደግሞ ሌባው ኩባንያውን ዘግቶ ሄዷል። የማይሄዱት አባትየው ናቸው።

9. ታሪኩ ምን ይለናል?

የታሪክ ተማሪ «ትምህርቱ ምንድን ነው?» ይባላል። እኔ የማየው ይኼን ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ነገሩ ወደ ፊት የተራመደው ታማሚው ሲታመን ነው። ጉትማን «ይሞታል» የተባለውን ሰው ይኖራል ብሎ አመነ። ላፒደስ የታማሚውን እጅ አመነ። የ2008ቱ ደንብ የታማሚውን ቁጥር አመነ። በ2023 ደግሞ የሐሰቱን ቢል ካጋለጡት ውስጥ ፖስታቸውን ከፍተው ያነበቡ አረጋውያን አሉ። የታማሚው ዓይን ከኮምፒውተሩ ያላነሰ ኦዲተር ነው።

ስለዚህ ወረቀት ይቅር አልልም። ወረቀት ባይኖር ሌባው በቀን ብርሃን ይዘርፍ ነበር። የምለው ወረቀቱ የተሠራበት ሰው አንባቢም ይሁን ነው። መዝገቡ ስለ እሱ ነው፤ የመጨረሻው ምስክርም እሱ ነው።

ውጭ ያላችሁ ልጆቼ፣ እንግዲህ አደራዬ ይኼ ነው።

እናት አባታችሁ ጋ ስትሄዱ ያልተከፈተውን የሜዲኬር ፖስታ ክፈቱላቸው፣ በአማርኛ አንብቡላቸው። ያላዘዙት ዕቃ ካለ 1-800-633-4227 ደውሉ፤ ሜዲኬር ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ያቀርባል። በየግዛቱ አረጋውያንን በዚሁ ጉዳይ የሚረዳ ሲኒየር ሜዲኬር ፓትሮል የሚባል ፕሮግራምም አለ። የካርዱን ቁጥር ለማያውቁት ደዋይ እንዳይሰጡ ንገሯቸው። እስከ 2018 ድረስ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሰው የተለየ 11 ፊደልና አሃዝ ያለው ሆኗል። እሱም ቢሆን ከተሰረቀ ያው ነው።

ቱቦውን በእውነት የሚጠቀም ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ወደ ሐኪም ሲሄድ አብራችሁ ሂዱ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠቀም በቁጥር ይናገር። ኢንፌክሽን ሲይዘው ቤቱ ተኝቶ አይቻለው፤ ይመርመር፣ ይጻፍለት። አባቶቻችን «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ለሐኪሙ መልስ እንደሚሰጡ አውቃለሁ። ጨዋነት ነው። ሐኪሙ ግን «ታማሚው ደኅና ነኝ ብሏል» ብሎ ይጽፈዋል፤ ከዚያች መስመር በኋላ ከፋዩን ማሳመን ቀላል አይሆንም።

አገር ቤት ላለንም ታሪኩ ሩቅ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች ከተጀመረ ወዲህ እኛም የመድን ደብተር ይዘን የምንሰለፍ ሰዎች ሆነናል። ለየትኛው በሽታ ይከፈላል፣ ለየትኛው ዕቃ አይከፈልም፣ ምን ማስረጃ ይቅረብ የሚሉት ጥያቄዎች እኛም ደጅ ናቸው። ደንቡ ሲጻፍ በቀን አምስት ጊዜ ቱቦ የሚጠቀም ሰው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ይሆን? «4 ይበቃል» የሚለው ቁጥር የሚወጣው እሱ በሌለበት ነው።

ይኼን የምታነቡ ነርሶች፣ የጤና መኮንኖችና የካርድ ክፍል ሠራተኞች የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ አላችሁ። እጃችሁ ላይ ያለው እስክሪብቶ ቀላል ዕቃ አይደለም። የሰውየውን ችግር ሙሉውን ጻፉለት።

ያልተስማማችሁበት ካለ ኮሜንት ላይ እንከራከር፤ እዚያ አገር በዚሁ ሥራ ላይ ያላችሁም የምታውቁትን ጨምሩ። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉት።

ሰላም ሁኑልኝ!